እግሩ ሌሊት ይንቀሳቀሳል፣ ቀን ግን እምቢ ይላል

ባለፈው ወር ስለ ወገብ ሕመም ጽፌ ነበር። ስለ ፍራሽና ስለ ዕቃ አነሳስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጎርፋል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ሌላ ሆነ። ከስምንት ደብዳቤ ስድስቱ ስለ ህብለ ሰረሰር ናቸው፤ በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ስለሚወርደው፣ የትንሿን ጣት ያህል ስለሚወፍረው የነርቭ ገመድ። ሁለቱን የወገብ ደብዳቤዎች ለሚቀጥለው ወር አቆይቻቸዋለሁ።

የምጽፈው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ ኒም ዛፏ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በፊዚዮቴራፒ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቢሮዬ እሷ ናት። ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር፦ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም። በ"አንቺ" ጻፉልኝ፣ በ"አንተ" እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የሃያ ሁለት ዓመት ልጄ ከሰባት ወር በፊት ደንገጎ ላይ ከአይሱዙ ወድቆ ጀርባው ተመታ። ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፣ አይታዘዝለትም። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት እግሩ ይንቀሳቀሳል። ብርድ ልብሱን ሳስተካክልለት ጉልበቱ እጥፍ ይላል፣ አንዳንዴም ይራገጣል። ጎረቤቶቼ "እልል በይ፣ ሊነሳ ነው" አሉኝ። ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ። ወጌሻ እናምጣ የሚሉም አሉ። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን "ይሄ ሌላ ነገር ነው" ብላ ዝም አለች። ምን ማለቷ ነው?
የገንደ ቆሬዋ እናት፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ፈተና ሥሪ። ነገ ጠዋት፣ ሽንቱ ከወጣ በኋላ፣ እግሩን ግለጪው። አትንኪው። "የቀኝ እግርህን አውራ ጣት ወደ ላይ ሳበው" በይው። እስከ አሥር ቁጠሪ። "አሁን ተወው" በይው። ሦስት ጊዜ ድገሚ። ግራውንም እንደዚሁ። ከዚያ ደግሞ ምንም ሳትናገሪ የእግሩን መዳፍ በጨርቅ ጫፍ ነካ አድርጊው።

ጣቱ ስትነግሪው ከተነሳና "ተወው" ስትይው ከተመለሰ፣ ትንሽም ቢሆን ትእዛዝ እየደረሰ ነው። በዚያው ቀን ለፊዚዮቴራፒስቷ ንገሪያት። ስትነግሪው ዝም ብሎ ስትነኪው ብቻ ከተፈናጠረ ግን፣ እግሩን ያንቀሳቀሰው ልጅሽ አይደለም።

ጭካኔ እንዳይመስልብኝ ላስረዳሽ። እግር ሲንቀሳቀስ ሁለት ነርቮች ይቀባበላሉ። አንደኛው አንጎል ውስጥ ይነሳና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለተኛው እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ፣ በፊት ለፊቱ በኩል ተቀምጧል። ከዚያ ወጥቶ እስከ ጡንቻው ይሄዳል። ሐኪሞቹ ሞተር ኒውሮን ይሏቸዋል፤ የላይኛውና የታችኛው። የታችኛውን አትናቂው። ወደ እግር መዳፍ የሚሄደው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያ ሁሉ አንድ ሴል ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ለኔ ነገሩ በባቡር ነው የሚገባኝ። አዲስ አበባ ያለው አለቃ በስልክ ያዛል። እዚህ ድሬ፣ ለገሃሬ ጣቢያ ያለው ሰው ትእዛዙን ተቀብሎ ባቡሩን ያስነሳል። ሽቦው አዋሽ ላይ ቢበጠስ የለገሃሬው ሰው አልሞተም። ባቡሩም ሐዲዱም ደህና ናቸው። ትእዛዝ ብቻ አይደርስም። የልጅሽ ጉዳት ከእምብርቱ ገደማ ከሆነ፣ እግሩን የሚያንቀሳቅሱት የታችኞቹ ነርቮች ከዚያ በታች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋሉ።

ታዲያ ሥራ ፈተው አይቀመጡም። ለበዓል ዶሮ ያረደ ሰው ይህን አይቷል። አንገቷ ተቆርጦ እንኳ ትነሳና ግቢውን ትዞራለች፣ ልጆች ይጮሃሉ። (ምሳሌዬን ይቅር በዪኝ፣ የተሻለ አላገኘሁም።) ግሬሃም ብራውን የሚባል የብሪታንያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1911 በድመቶች ላይ ይህንኑ አሳይቷል። ከአንጎል የተለየ ህብለ ሰረሰር ብቻውን ሆኖ የእርምጃ ምት ያወጣል። የግራ፣ የቀኝ፣ የግራ፣ የቀኝ ስልቱ እዚያው ታች ተቀምጧል ማለት ነው። ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ የዘመኑ ምርምር አንዱ ትልቅ መሠረት ይህ ነው።

"ለምን ያኔ ጸጥ ብሎ አሁን ጀመረው?" ትይኝ ይሆናል። ልክ በአደጋው ሰሞን እግሩ እንደ ጨርቅ ልል ነበር አይደል? ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ደንግጦ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ይነቃል። በደህናው ጊዜ የታችኞቹን ነርቮች ንቁ የሚያደርጋቸው ከአንጎል ሥር የሚላክላቸው ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ነው። ገመዱ ሲጎዳ እሱም ይቀራል። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ቤኔትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በአይጦች ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ፤ እኔን አፌን ነው ያስያዘኝ። ነርቮቹ ላይ ያለው የሴሮቶኒን መቀበያ ከሳምንታት በኋላ ያለ ሴሮቶኒን በራሱ መሥራት ይጀምራል። ቡና ተከልክሎ ሳይጠጣ መንቃት የለመደ ሰው በይው። ነርቩ ነቃ፤ "በቃ፣ ተረጋጋ" የሚለው የአንጎል ድምፅ ግን አይደርሰውም። ስለዚህ ብርድ ልብስ ሲነካው ይዘላል፣ ከዘለለም ቶሎ አይበርድም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ሐረር። የባቢሌ ገበሬ ልጁን ይዞ መጣ፤ ልጁ ማንጎ ሊያወርድ ወጥቶ ወድቋል። በወሩ ገደማ የእግሩን መዳፍ በቁልፍ ጫፍ ጫር ሳደርገው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ቀና አለ፣ ሌሎቹ ጣቶች እንደ ማራገቢያ ተበተኑ። እኔም "እሰይ! ይሄ ልጅ ይራመዳል!" አልኩ። ጮክ ብዬ። አባትየው እጄን ስሞ አለቀሰ።

ያ ምልክት ባቢንስኪ የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ጆዜፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 ጽፎታል። የጨቅላ ልጅ መዳፍ ሲጫር አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሲያድግ ወደ ታች ይታጠፋል። አዋቂ ላይ ወደ ላይ ከሄደ ከአንጎል የሚመጣው መስመር ተጎድቷል ማለት ነው። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። የልጁ ጣት ሲነሳ ግን ደስታ ቀደመኝ። የጉዳቱን ማስረጃ የመዳን ምልክት ነው ብዬ አወጅኩ። አባትየው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ግማሽ ጆንያ ለውዝ ይዞልኝ። ልጁ አልተራመደም። ሰውየው አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ያን ለውዝ ግን ልቀምሰው አልቻልኩም፣ ለጥበቃዎቹ ሰጠሁት። ፊዚዮቴራፒስትሽ ዝም ያለችው አፏ ላይ የመጣውን መዋጧ ይመስለኛል። ተቆጣጥራለች፤ እኔ አልቻልኩም ነበር።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? አንደኛ፣ መኮማተሩን እንደ መልእክት ስሚው። ልጅሽ ከታች ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ሰውነቱ የሚከፋውን ነገር በእግሩ ይናገራል። መራገጡ ድንገት ከበዛ ፊኛው ሞልቶ፣ ሽንቱ ኢንፌክሽን ይዞት፣ ሆዱ ደርቆ፣ የአልጋ ቁስል ጀምሮት፣ ጥፍሩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ወይም ሱሪው ጠብቦት ይሆናል። አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ሳምንት ሙሉ ሲራገጥ ከርሞ ካልሲው ውስጥ የጠርሙስ ቆርኪ ተገኘ። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪው። ጠዋትና ማታ እግሩን በቀስታ ዘርጊለት። ሲዘል አትታገዪው፤ እጅሽን ጭነሽ ጠብቂ፣ ይበርዳል። መኮማተሩን የሚያበርድ ባክሎፌን የሚባል መድኃኒት ታዞለት ከሆነ በራስሽ ድንገት እንዳታቋርጪ፣ አደጋ አለው።

ወጌሻ ግን አይሆንም። ወጌሻ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ የእኔንም ቁርጭምጭሚት ያሸልኝ ወጌሻ ነው። ለወራት ያልተረገጠበት እግር ግን አጥንቱ ይሳሳል። በኃይል ሲጎተት ይሰበራል፣ ልጅሽም መሰበሩን አያውቅም።

ቁልቢ ሂዱ፣ ስለትሽን አድርሺ። ብቻ ወፍራም ስፖንጅ ሥሩ አድርጊለት፣ መንገድ ላይ በየሩብ ሰዓቱ እያነሳችሁ መቀመጫውን አሳርፉት።

ይራመዳል ወይ ብትዪኝ፣ ከሰባት ወር በኋላ ይህን ከደብዳቤ የሚመልስ ሰው ካለ አትስሚው። የሚመለሰው ነገር አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያው ስድስት ወርና አንድ ዓመት ውስጥ ነው። ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂው፦ "መቀመጫው አካባቢ፣ ፊንጢጣው ዙሪያ ትንሽ ስሜት አለው ወይ?" አታፍሪ። እዚያ ላይ ያለች ትንሽ ስሜት ገመዱ ጨርሶ አለመበጠሱን ትናገራለች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሦስት ዓመት በፊት በሞተር ሳይክል አደጋ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። አንድ ሰውዬ በሐሳቡ እያዘዘ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ አየን። ደግሞ አንድ ደላላ ውጭ አገር ስቴም ሴል እናስወጋዋለን፣ ይነሳል ብሎ ብዙ ብር ጠየቀን። አባታችን ባጃጁን ሊሸጥ ነው። የትኛውን እንመን? ለመሆኑ ገመዱ ተበጥሶ ከሆነ ለምን አይሰፉትም?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሐረማያ

መልስ፦ አቦ፣ ባጃጁን አትሽጡ! ይሄን ካልኩ በኋላ ረጋ ብዬ ልመልስልህ።

ቪዲዮው እውነት ነው። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ ግሬጓር ኩርቲን የሚባል ተመራማሪና ጆስሊን ብሎክ የምትባል የነርቭ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ሥራ ነው። ሰውየው የኔዘርላንድ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በብስክሌት አደጋ ተጎድቶ። አንጎሉ ላይ፣ የእግር እንቅስቃሴ በሚታሰብበት ቦታ፣ ሁለት መሣሪያ ተቀመጠለት። ሊራመድ ሲያስብ መሣሪያው ሐሳቡን ያነባል፣ ኮምፒውተር ይተረጉመዋል፣ ያለ ሽቦ ወደ ወገቡ ይልከዋል። እዚያ ህብለ ሰረሰሩ ላይ የተተከለ ሌላ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በክራንች ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል።

ለገንደ ቆሬዋ እናት የጻፍኩትን አንብበኸው ከሆነ ቁልፉ እዚያ ነው። መሣሪያው ጡንቻውን አይጎትተውም። ህብለ ሰረሰሩ ጋ ያሉትን፣ ትእዛዝ የቀረባቸውን የታችኞቹን ነርቮች ነው የሚቀሰቅሰው። ሽቦው አዋሽ ላይ ተበጥሷል፤ እነሱ በሬዲዮ ለገሃሬን አገኙት። ያ ሌሊት ብርድ ልብስ የሚረግጠው እግር በሕይወት ባይኖር ኖሮ የሚቀሰቀስ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ያኔ እሰይ ያልኩት ለተሳሳተ ነገር ነው፤ የልጁ የታችኛው ነርቭ መኖሩ ግን እውነት ነበር።

አሁን ቀዝቃዛውን ውኃ ልጨምርበት። ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። የሰውየው ገመድ ጨርሶ አልተበጠሰም ነበር። ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ ልምምዱ ብዙ ነው። ወንድምህ የሚገዛው ዕቃ አይደለም፣ ገና ጥናት ነው። ከዚህ ይልቅ ወደ ሰው የቀረበው ለእጅ የሚሆነው ነው። አንገት ላይ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በቆዳ በኩል ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ በ60 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። 72 በመቶው በእጃቸው ጉልበትና ሥራ ላይ ለውጥ አሳይተዋል፣ አሜሪካም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈቅዳለች። እጅ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንጀራ ቆርሶ መጉረስ ነው። ወንድምህ ግን እጁ ደህና ስለሆነ አይመለከተውም።

ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው፤ ስሙን ብቻ ሰምቶ ግን አይኬድም። ጃፓን፣ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተነግሯል። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሴል ነው የተሰጣቸው። ሁለቱ ተሻሽለዋል፣ አንዱ መቆም ችሏል። ሁለቱ ብዙ ለውጥ አላሳዩም። አራት ሰው በጣም ትንሽ ነው፤ ሴሉ ይሁን በራሱ የሚመጣው መሻሻል ይሁን መለየት አይቻልም። ከሁሉም በላይ አራቱም ሴሉን የተቀበሉት በተጎዱ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ወንድምህ ሦስት ዓመቱ ነው። ደላላው ይህን ነግሯችኋል? ደግሞ ደንበኛ ጥናት ቢሆን ተሳታፊውን ለሙከራው ገንዘብ አያስከፍልም። ደላላውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "ከወሰድካቸው ውስጥ ያልተነሳ ስንት ነው?" ዜሮ ካላችሁ ሻዩን አስጠጥታችሁ ሸኙት።

"ለምን አይሰፉትም?" ያልከው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። እጅህ ላይ ነርቭ ቢቆረጥ ይሰፋል፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ ይመለሳል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው ግን አያድግም። ስፔናዊው የነርቭ ተመራማሪ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1928 የአዋቂ አንጎልና ህብለ ሰረሰር መንገዶች አይታደሱም ብሎ ጽፎ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሞንትሪያል ውስጥ አልበርት አጉዋዮና ባልደረባው ከአይጥ እግር ነርቭ ቆርጠው ህብለ ሰረሰሩ ላይ እንደ ድልድይ ተከሉት። አላድግም ያለው ነርቭ በድልድዩ ውስጥ አደገ! ችግሩ ነርቩ ራሱ ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩም ነው ማለት ነው። በኋላ ማርቲን ሽዋብ የሚባል የዙሪክ ሰው በሰፈሩ ውስጥ "አትለፍ" የሚል ፕሮቲን አገኘ፤ ስሙን ኖጎ አሉት። ቦታው ላይ የሚሠራው ጠባሳም መንገድ ይዘጋል። እንግዲህ መርፌና ክር ይህን አያልፍም። በሚሊዮን የሚቆጠር ክር እያንዳንዱ የራሱን ጓደኛ ማግኘት አለበት።

ባጃጁ ይሥራ። ከገቢው ለወንድምህ ጥሩ ትራስ ያለው ዊልቸር ግዙለት።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ባለፈው ሸዋ በር አካባቢ ሰው ተገጭቶ ሦስት ሆነን አንስተን ባጃጄ ውስጥ አጥፈን ወሰድነው። አሁን ሰዎች "አበላሻችሁት" ይሉኛል። ምን ማድረግ ነበረብን?
ሐረር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆማችሁ ማለፍ ትችሉ ነበር፣ አላለፋችሁም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፣ እውነት ነው።

ለሚቀጥለው ግን ያዝ። እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ከሌለ ሰውየውን አታንቀሳቅሱ። አንድ ሰው ጭንቅላቱ ጋ ይንበርከክ፣ ጭንቅላትና አንገቱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። "እግርህ ይሰማሃል? ጣትህን አንቀሳቅስ" በሉት። ለአምቡላንስ ደውሉ። መውሰድ የግድ ከሆነ እንደ ግንድ ነው የሚገለበጠው፤ ጭንቅላት፣ ትከሻ፣ ዳሌ አንድ ላይ፣ አንድ ሰው እየቆጠረ። በር ንቀሉ፣ ጣውላ አምጡ፣ አልጋ ቢገኝም አልጋ። ባጃጅ ወንበር ላይ አጥፎ ማስቀመጥ ይቅር፤ ከኋላው ክፍት የሆነ ፒክአፕ አስቁሙ። ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የፎገራ ሰው ነኝ፣ ድሬ ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። በልጅነቴ ጓያ ሰብሮኝ ሁለት ዱላ ይዤ ነው የምሄደው። ሰዎች "የወገብ አጥንትህ ነው፣ ኤምአርአይ ተነሳ" ይሉኛል። ጓያ ህብለ ሰረሰርን ይሰብራል እንዴ? እናቴ እንፋሎቱ ነው የነካህ ትለኝ ነበር።
ቀፊራ አካባቢ የሚኖር

መልስ፦ አባባ፣ (በደብዳቤህ መሐል ሁለት ቦታ "እርስዎ" ብለኸኛል፤ አርባ ዓመት ድሬ ኖረህ? አፈርኩብህ!) ጓያ አጥንት አይነካም። በጓያው ፍሬ ውስጥ ያለ መርዝ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርደውን የላይኛውን ነርቭ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ እግርህ ደንድኖ፣ ጉልበትህ ተጣብቆ፣ በጣትህ እየረገጥክ ትሄዳለህ። እጅህና ጭንቅላትህ ደህና ናቸው። ፖሊዮ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ የታችኛውን ነርቭ ነው የሚገድለው፤ የፖሊዮ እግር ቀጭንና ልል የሆነው ለዚህ ነው። ሁለታችሁን ጎን ለጎን ብታስቀምጡልኝ ተማሪ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይማር ነበር።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደንቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተጎድቶ ነበር። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይደርቃል፣ ጓያ ግን ይተርፋል፤ ሰው እሱን ብቻ ለወራት ይበላል፣ ከዚያ እግሩ ይያዛል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሰሜን ምዕራብ ገጠሮች ችግሩን አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳውቀዋል። የእንፋሎቱ ነገር የእናትህ ብቻ አይደለም፣ አገሩ ሁሉ ይላል። ጉዳቱ ግን ከመብላቱ ነው፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ። እናትህ የሰጠችህ የነበራትን ነው።

መልካሙ ነገር፣ መብላት ካቆምክ በኋላ ጓያ እያደር አይብስም። አሁን በዚህ ዕድሜህ እግርህ በድንገት ከባሰብህ ግን ጓያ ነው ብለህ አትቀመጥ፤ ያኔ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በመድኃኒት ይታከማል።

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ተከራክረን ነበር። አበበ ቢቂላ ከመኪና አደጋው በኋላ እንግሊዝ ተወስዶ ለምን አልዳነም? ሐኪሞቹ አልጣሩም?
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ጥረዋል። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ስትጎዳው፣ በሕክምና ታሪክ ትልቅ ስም ያለው የህብለ ሰረሰር ማዕከል ወደሚገኝበት ወደ ስቶክ ማንደቪል ነው የተወሰደው። ሆስፒታሉን በዚህ ታዋቂ ያደረገው ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከናዚ ጀርመን የሸሸ ሐኪም ነው። ከሱ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን ማገላበጥን፣ ሽንትን በጊዜው ማውጣትንና ስፖርትን አመጣ። የተበጠሰ ነርቭ ግን ማንም አልቀጠለም፤ ዛሬም አልተቀጠለም። አበበ መጀመሪያ እጁም አይሠራ ነበር፤ እጁ ተመለሰለት፣ እግሩ አልተመለሰም።

ለክርክራችሁ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። ሳምንት ካለፈ በኋላ እዚያችው ሮም ውስጥ የጉትማን ዊልቸርተኞች ውድድራቸውን ጀመሩ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱ ነው። ያኔ ማንም አበበን ከነሱ ጋር አላሰበውም። ከአደጋው በኋላ ግን ቀስት ይዞ በእንግሊዝ የዊልቸር ውድድር ተሳትፏል፣ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ ተወዳድሯል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው ያረፈው፣ በ41 ዓመቱ።

ጥያቄ፦ ደረቴ ላይ ተጎድቼ ስድስት ዓመት ዊልቸር ላይ ነኝ። ድሬ ሲሞቅ ፊቴ ብቻ ነው የሚያልበኝ። ከጡቴ በታች ደረቅ ነኝ፣ ሰውነቴ ግን ይግላል። ራሴን ያዞረኛል። ሐኪም ቤት ሄጄ ወባ ነው ተብዬ ነበር፣ ምርመራው ግን የለህም አለ። ምንድን ነው?
የአሸዋ ሰፈር ሰው

መልስ፦ ሙቀቱ ነው፣ ወንድሜ። ላብ የሚያዘው አንጎል ነው፣ ትእዛዙም በዚያችው ገመድ ነው የሚወርደው። ከጉዳትህ በታች ያለው ቆዳ ትእዛዙ ስለማይደርሰው አያልብም። ላብ ከሌለ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ድሬ ላይ በግንቦት ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ላቡን አንተ ሥራለት። የሽቶ ጠርሙስ የመሰለ የሚረጭ ዕቃ ውኃ ሞልተህ ከወንበርህ ላይ አንጠልጥለው፤ ክንድህን፣ አንገትህን፣ ጭንህን እያረጠብክ ንፋስ አስመታው። ከረፋዱ አምስት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁን። ሽንት ፈርተህ ውኃ አትቀንስ። ወባውን ግን መመርመርህ ትክክል ነበር፣ ድሬ ነው ያለኸው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው አስቸኳይ ነው። ጉዳትህ ደረት ላይ ከሆነ፣ በተለይ ከጡት በላይ ከሆነ፣ ድንገት ጭንቅላትህን ወግቶህ፣ ፊትህ ቀልቶ፣ ግንባርህ ላብ በላብ ከሆነ ሙቀት ነው ብለህ አትተኛ። ደም ግፊትህ ሰማይ ወጥቶ ይሆናል። መንስኤው ብዙውን ጊዜ የሞላ ፊኛ ነው። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካለህ መታጠፉን እይ፣ ሽንቱን አስወጣ፣ ልብስህን አላላ፣ ካልበረደልህ ወደ ሆስፒታል። ለባለቤትህም አስጠናት።

የቡና ነገር ደግሞ አለ። ሲኒ ጭንህ ላይ አታስቀምጥ፣ ጀበና አቅፈህ አትንቀሳቀስ። ያቃጥልሃል፣ አይሰማህም፤ ቆዳው ሲላጥ ነው የምታየው። እግርህንም ከከሰሉ ምድጃ አርቅ። ዊልቸርህን ፀሐይ ላይ አቁመህ ከሄድክ፣ ተመልሰህ ከመቀመጥህ በፊት ብረቱን በእጅህ መዳፍ ንካው።

የገንደ ቆሬዋ እናት፣ ከሌሎቹ በፊት ያንቺን ነው የምጠብቀው። ብዙ አትጻፊ። ቀኝ ከሦስት ስንት፣ ግራ ከሦስት ስንት፣ በቃ።